ማንችስተር፦ ከጥቃቱ በኋላ ፖሊስ ምን ተማረ?

እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2017 ምሽት በእንግሊዝ ማንችስተር ከተማ በሚገኘው የማንችስተር አሬና የአሜሪካዊቷ ድምፃዊት አሪያና ግራንዴ የሙዚቃ ዝግጅት ተጠናቆ ሕዝቡ መውጣት ጀምሮ ነበር። ከታዳሚዎቹ መካከል ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። ወላጆችም ልጆቻቸውን ሊወስዱ መጥተው አዳራሹን ከባቡር ጣቢያው ጋር በሚያገናኘው ሰፊ መተላለፊያ ቆመው ይጠባበቁ ነበር። ልክ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ላይ አንድ አጥፍቶ ጠፊ በጀርባው ያዘለውን ፈንጂ በመካከላቸው አፈነዳው። 22 ሰዎች ተገደሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ከሟቾቹ በዕድሜ የምታንሰው የ8 ዓመት ሕፃን ነበረች።

ጥቃቱን የፈጸመው ከሊቢያ ከመጡ ወላጆች በዚያው ከተማ የተወለደ የ22 ዓመት ወጣት ነው። በዝግጅቱ የተባበረው ወንድሙም ከሊቢያ ተላልፎ ተሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በ22 ሰዎች ግድያ ጥፋተኛ ሆኖ በመገኘቱ ቢያንስ 55 ዓመት በእስር እንዲቆይ ተፈርዶበታል። በወንጀሉ ረገድ ፍርድ ተሰጥቷል። የሟቾቹ ቤተሰቦች ግን ሌላ ጥያቄ ይዘው ቆዩ፤ ሕዝብን እንዲጠብቁ ኃላፊነት የተሰጣቸው ተቋማት በዚያች ሌሊት የት ነበሩ? የሚል።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ በጡረታ የተገለሉት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሰር ጆን ሳንደርስ የመሩት ሕዝባዊ አጣሪ ጉባኤ ተቋቋመ። ጉባኤው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ምስክሮችን ሰምቶ በ2021፣ በ2022 እና በ2023 ሦስት ቅጽ ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱን ያነበበ ሰው የሚያስገርመው ነገር አለ። ዋናዎቹ ጉድለቶች የጦር መሣሪያ ማነስ ወይም የልዩ ኃይል እጥረት አልነበሩም። የዕረፍት ሰዓት አለመጠበቅ፣ ያልተሳካ የሬዲዮ ጥሪ፣ የማይገኝ ስልክ፣ አንዱ ያወቀውን ለሌላው አለመንገር ነበሩ። የማንችስተር ትልቁ ትምህርት ያለው በእነዚህ ተራ በሚመስሉ ነገሮች ውስጥ ነው።

ከፍንዳታው በፊት የነበረው ክፍተት

ጥቃት ፈጻሚው በቦታው ላይ በድንገት አልተከሰተም። ከጥቃቱ ቀደም ባሉት ቀናት እየተመላለሰ ሥፍራውን ቃኝቷል። በመጨረሻው ምሽትም ከባድ ሻንጣ በጀርባው አዝሎ፣ የደኅንነት ካሜራዎች በማይደርሱበት ጥግ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ጠብቋል። ከፍንዳታው ሩብ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ልጁን ሊወስድ የመጣ አንድ አባት ሰውየውን ተጠራጥሮ ቀርቦ ጠየቀው፤ ከዚያም ለአንድ አስተናባሪ አሳወቀ። አስተናባሪው ለባልደረባው ነገረ፤ ባልደረባውም በሬዲዮ ለኃላፊዎቹ ለማስተላለፍ ሞከረ፤ ሆኖም መስመሩን ማግኘት አልቻለም። ማስጠንቀቂያው ከአንድ አባት አንደበት ተነሥቶ፣ በሁለት ወጣት ሠራተኞች በኩል አልፎ፣ እዚያው ቀረ።

ከሁለቱ ሠራተኞች አንዱ ለመርማሪዎች በሰጠው ቃል፣ ሰውየውን በይፋ ቢጠይቀውና ጥርጣሬው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ በዘረኝነት እከሰሳለሁ ብሎ መፍራቱን ተናግሯል። ይህ ቃል ወደኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ በልቡ ያኑረው።

ፖሊስስ? መተላለፊያው በባቡር ጣቢያ ግቢ የሚገኝ በመሆኑ ኃላፊነቱ የብሪታንያ የትራንስፖርት ፖሊስ ነበር። በዚያ ምሽት የተመደቡ አባላት የዕረፍት ሰዓታቸውን እያፈራረቁ እንዲወስዱ ታዝዘው ነበር፤ ትእዛዙ ግን አልተከበረም። ሁለት አባላት ምግብ ለመግዛት ወደ ሌላ ሠፈር ሄደው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆዩ። ሕዝቡ በሚወጣበት፣ ጥበቃውም እጅግ አስፈላጊ በሆነበት በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት በመተላለፊያው ውስጥ አንድም የፖሊስ አባል አልነበረም። የጉባኤው የመጀመሪያ ቅጽ የአዳራሹን አስተዳዳሪ ድርጅት፣ የጥበቃ ሥራ ተቋራጩንና የትራንስፖርት ፖሊስን ባመለጡት ዕድሎች ዋነኛ ተጠያቂ አደረገ። ጥቃት ፈጻሚው በጊዜ ቢጠየቅ ኖሮ ፈንጂውን ማፈንዳቱ ባይቀር እንኳ የሟቾቹ ቁጥር ሊቀንስ ይችል እንደነበር ሰብሳቢው ገልጸዋል።

ሦስተኛው ቅጽ ደግሞ ወደ ሀገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኤም አይ ፋይቭ ተሻገረ። ከጥቃቱ በፊት በነበሩት ወራት ስለ ጥቃት ፈጻሚው ሁለት መረጃዎች ለመሥሪያ ቤቱ ደርሰው ሳለ በወቅቱ ተገቢው ትርጉም ሳይሰጣቸው ቀርቷል። ጉዳዩ እንደገና ይታይ ዘንድ ቀጠሮ የተያዘለት ስብሰባ ሜይ 31 ነበር፤ ማለትም ከጥቃቱ ዘጠኝ ቀን በኋላ። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ዳይሬክተር ኬን ማካለም ጥቃቱን ባለመከላከላቸው ጥልቅ ሐዘናቸውን በይፋ ገልጸዋል።

ሁለቱ የጨለማ ሰዓታት

ሁለተኛው ቅጽ ከፍንዳታው በኋላ የሆነውን ይዘረዝራል፤ ለፖሊስ ተሐድሶ መነሻ የሆነውም በዋናነት ይህ ክፍል ነው።

የታላቋ ማንችስተር ፖሊስ በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያውን ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ ተረኛ መኮንን በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ነበረው። መኮንኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ47 ላይ «ኦፕሬሽን ፕላቶ» የተሰኘውን መመሪያ አወጀ። ይህ ስም በእንግሊዝ የጸጥታ አካላት ዘንድ የታጠቁ አሸባሪዎች እየተዘዋወሩ ሰው እየገደሉ ነው ተብሎ ሲታመን የሚሠራበት የምሥጢር ቃል ነው። ውሳኔው በወቅቱ ከነበረው ግራ መጋባት አንጻር የሚያስገርም አልነበረም። ስሕተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መኮንኑ መመሪያውን ማወጁን ለአምቡላንስም ሆነ ለእሳት አደጋ መከላከያ አገልግሎት አላሳወቀም። የአንድ ሰው ጫንቃ ሊሸከመው የማይችል ሥራ ተከምሮበት ነበርና ሌሎቹ ተቋማት ሊያነጋግሩት ሲደውሉ መስመሩን ማግኘት ተሳናቸው። ፖሊሱ «ከባድ አደጋ» መድረሱን በይፋ ያወጀው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ57 ላይ ነው፤ ፍንዳታው ከደረሰ ከሁለት ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ በኋላ ማለት ነው።

መረጃ በመቋረጡ እያንዳንዱ ተቋም በየራሱ ግምት ሠራ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጣቢያ ለአዳራሹ እጅግ ቅርብ ነበር፤ ሆኖም ተኩስ አለ ተብሎ ስለተሰጋ ወደ ጥቃቱ ቦታ በመሄድ ፈንታ ሦስት ማይል ያህል ርቆ ወደሚገኝ ሌላ ጣቢያ እንዲሰበሰቡ ታዘዙ። በቦታው የደረሱት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ37 ላይ ነው። በመተላለፊያው ውስጥ የገቡት የአምቡላንስ የሕክምና ባለሙያዎች በጠቅላላ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ የመጀመሪያውም የገባው ፍንዳታው ከደረሰ ከ19 ደቂቃ በኋላ ነበር። ቃሬዛ ስላልቀረበ ቁስለኞች በማስታወቂያ ሰሌዳና በብረት አጥር ላይ ተጭነው ወጡ። የተሸከሟቸውም በሥፍራው የነበሩ ፖሊሶች፣ አስተናባሪዎችና ተራ ሰዎች ነበሩ።

ጉባኤው ከሟቾቹ መካከል አንዱ የነፍስ አድን ሥራው እንደሚገባው ቢሆን ኖሮ በሕይወት ይተርፍ እንደነበር፣ ስለ 8 ዓመቷ ሕፃን ደግሞ ጠባብም ቢሆን የመትረፍ ዕድል እንደነበራት ደምድሟል። አንድ ቤተሰብ ልጁ በፈንጂ መሞቱን መቀበል ይከብደዋል፤ ርዳታ በጊዜ ባለመድረሱ መሞቱን መስማት ደግሞ ሐዘኑን ዕጥፍ ያደርገዋል።

አስቀድሞ የታወቀ ድክመት

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ይባላል። የተረኛው መኮንን በሥራ ብዛት መዋጥ በዚያች ሌሊት የተገኘ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ይቅርታ በተገባው። ነገር ግን ከጥቃቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2016፣ በዚያው በማንችስተር ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ «ዊንቸስተር አኮርድ» የተባለ የፀረ ሽብር ልምምድ ተደርጎ ነበር። ልምምዱ ያሳየው ድክመት አንድ ዓይነት ነበር፤ ተረኛው መኮንን ሥራ በዛበት፣ ሌሎቹ አገልግሎቶች ሊያገኙት አልቻሉም። ችግሩ ታየ፣ ተመዘገበ፣ ነገር ግን አልታረመም።

ከዚያም በላይ የእንግሊዝ ፖሊስ፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ አገልግሎቶች በጋራ የሚሠሩበት የታወቀ መመሪያ ነበራቸው። መመሪያው የየተቋሙ አዛዦች በአንድ ቦታ ይገናኙ፣ ይነጋገሩ፣ ይቀናጁ፣ አደጋውን በጋራ ይመዝኑ፣ ስለሁኔታው አንድ ዓይነት ግንዛቤ ይያዙ ይላል። በወረቀት ላይ አንዳችም የጎደለው ነገር አልነበረም። በዚያች ሌሊት ግን አዛዦቹ በአንድ ቦታ አልተገናኙም።

ስለዚህ የማንችስተር ጥያቄ «ምን እናድርግ?» የሚል ብቻ አልነበረም። ምን መደረግ እንዳለበት ይታወቅ ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ «ማድረግ እንዳለብን የምናውቀውን እንዳናደርግ የከለከለን ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ተሐድሶው ምን ይዟል?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሁለተኛው ቅጽ ሲወጣ የታላቋ ማንችስተር ፖሊስ ዋና አዛዥ ስቴፈን ዋትሰን ለቤተሰቦቹ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ጉባኤው ያቀረባቸው ምክረ ሐሳቦች ከመቶ በላይ ሲሆኑ፣ ለፖሊስ የሚመለከቱት ዋና ዋናዎቹ በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

አንደኛው የተረኛው መኮንን ሸክም ነው። አዛዡ ሥራውን የሚያካፍላቸው የሠለጠኑ ረዳቶች በአጠገቡ ሊኖሩት፣ ከእሱ የሚጠበቀውም ተግባር ሊቀንስ ይገባል ተብሏል። ሁለተኛው የመቆጣጠሪያ ክፍሎች ግንኙነት ነው፤ ፖሊስ፣ አምቡላንስና እሳት አደጋ በድንገተኛ ጊዜ ወዲያውኑ የሚገናኙበት የጋራ የሬዲዮ መስመር ሊኖራቸውና መስመሩም በየጊዜው ሊፈተሽ ይገባል። ሦስተኛው ሕክምና ነው። ባለሙያ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ቁስለኛ ደም ፈስሶት እንዳይሞት ፖሊሶችም ሆኑ የጥበቃ ሠራተኞች ደም የማስቆም ሥልጠና እንዲያገኙ ጉባኤው አሳስቧል። አራተኛው ልምምድ ነው፤ ከልምምድ የተገኘ ትምህርት በማኅደር እንዳይቀር፣ ማን በምን ጊዜ እንደሚያርመው ተለይቶ እንዲታወቅ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው አካሄዱ ነው። ጉባኤው ሪፖርቱን አስረክቦ አልተበተነም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራውን ከመዝጋቱ በፊት ተቋማቱን መልሶ ጠርቶ ምክረ ሐሳቦቹን ምን ያህል እንደፈጸሙ በአደባባይ እንዲያስረዱ አድርጓል። የተሐድሶ ዋናው መፈተኛ ይህ ነው፤ የተናገሩትን ስለመፈጸማቸው የሚጠይቃቸው አካል መኖሩ።

ሌላው የተሐድሶ ክንፍ ከሕግ አውጪው የመጣ ነው። በጥቃቱ ልጇን ማርቲን ሄትን ያጣችው ፊገን መሪ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ሥፍራዎች ስለ ሽብር ጥቃት በሕግ የተደነገገ ዝግጅት እንዲኖራቸው ለዓመታት ተከራከረች። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ከማንችስተር እስከ ለንደን 200 ማይል ያህል በእግሯ ተጉዛ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አነጋገረች፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ዕለት ምርጫ በመጥራታቸው ሕጉ እንደገና ተጓተተ። በመጨረሻም «የማርቲን ሕግ» የተባለው ድንጋጌ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2025 ጸደቀ። በሕጉ መሠረት ከ200 እስከ 799 ሰው ሊሰበሰብባቸው የሚችሉ ቦታዎች ቀላል የጥንቃቄ ሥርዓት ማዘጋጀት አለባቸው፤ በር እንዴት ይዘጋል፣ ሕዝቡ በየት ይወጣል፣ ማን ያስጠነቅቃል የሚሉትን። 800 እና ከዚያ በላይ የሚይዙት ደግሞ እንደ ካሜራና ፍተሻ ያሉ ተጨማሪ እርምጃዎች ይጠበቅባቸዋል። በትልልቆቹ ላይ የሚጣለው ቅጣት እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢያቸው 5 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ተቋማቱ እንዲዘጋጁ ግን ቢያንስ የሁለት ዓመት ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።

ሁለተኛው ፈተና

ተሐድሶ በስብሰባ አዳራሽ አይፈተንም። ማንችስተር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2025 ዳግም ተፈተነች። ዕለቱ የአይሁድ ታላቅ የጾምና የንስሐ ቀን ዮም ኪፑር ነበር። በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል በሚገኘው የሂተን ፓርክ ምኩራብ አንድ ሰው መኪናውን በሰዎች ላይ ነድቶ፣ ከዚያም በስለት ጥቃት ፈጸመ። ምዕመናኑ በሩን ከውስጥ ገፍተው በመያዝ ወደ ምኩራቡ እንዳይገባ አደረጉት።

ፖሊስ ያወጣው የጊዜ ቅደም ተከተል እንዲህ ይላል፦ የመጀመሪያው ጥሪ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ31 ደረሰ፤ በ3 ሰዓት ከ34 የታጠቁ ፖሊሶች ተላኩ፤ በ3 ሰዓት ከ37 «ፕላቶ» እና ከባድ አደጋ ታወጀ፤ በ3 ሰዓት ከ38 ፖሊሶች ተኩሰው ጥቃት ፈጻሚውን ገደሉት። በ2017 ከሁለት ሰዓት በላይ የወሰደው አዋጅ በዚህ ጊዜ የወሰደው ስድስት ደቂቃ ነው።

ሁለቱን ክስተቶች በቀጥታ ማወዳደር ተገቢ አይደለም። አንዱ በተጨናነቀ መተላለፊያ ውስጥ የደረሰ ፍንዳታ፣ ሌላው በጠዋት በመንገድ ዳር የታየ ጥቃት ነው። በአንዱ ጥሩ ውጤት ተሐድሶው ሁሉ ተሳክቷል ማለትም አይቻልም። ሆኖም ይኸው ፖሊስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁኔታውን በስሙ ጠርቶ ማወጁ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

ፍጥነት ግን የራሱ ዋጋ አለው። በጥቃቱ ሁለት ምዕመናን ሞቱ፤ ከሁለቱ አንዱ የሞተው በጥቃት ፈጻሚው እጅ ሳይሆን በፖሊስ ጥይት ነው። ሌላ አንድ ምዕመንም በጥይት ቆስሏል። ጥቃት ፈጻሚው ፈንጂ የሚመስል ነገር ታጥቆ ስለነበር የፖሊሶቹ ውሳኔ በምን ዓይነት ጭንቀት እንደተወሰነ መገመት አያዳግትም፤ ነገር ግን በሩን ይዞ ሌሎችን ሲያድን የሞተን ሰው ጉዳይ በዚህ ምክንያት ብቻ መዝጋት አይቻልም። የፖሊስን ምግባር የሚመረምረው ገለልተኛ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ይዞታል። ከዘገየ ፖሊስ የፈጠነ ፖሊስ ይሻላል፤ ከፈጠነ ፖሊስ ደግሞ ፈጥኖ የሚጠየቅ ፖሊስ ይሻላል።

ለእኛ ምን ይላል?

የሀገራችን ሰዎች ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደሉም። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተገኙበት ሰልፍ ላይ የእጅ ቦምብ ተወርውሮ ሁለት ሰዎች ሲሞቱ ከመቶ በላይ ቆስለዋል። ከጥቃቱ በኋላ የከተማዋን ምክትል የፖሊስ ኮሚሽነር ጨምሮ በርካታ የፖሊስ ኃላፊዎች በጸጥታ ክፍተት ተጠርጥረው ተይዘዋል። ከማንችስተር ተሞክሮ የምንረዳው፣ ተጠያቂነት ኃላፊዎችን በመያዝ ይጀምር እንደሆነ እንጂ በዚያ እንደማያበቃ ነው። በቀጣዩ ሰልፍ ላይ ሬዲዮው ይሠራል ወይ? ዕረፍት የወጣውን የሚተካው ማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ሰው በመታሰሩ ብቻ አይመለሱም።

በመካከለኛው ምሥራቅም ሆነ በአውሮፓ ከሚገኙ አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል በጥበቃ፣ በአስተናባሪነት፣ በሆቴልና በገበያ ማዕከል ሥራ የተሠማሩ አሉ። የማንችስተር ታሪክ የሚነካው በመጀመሪያ እነርሱን ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ምሽት ማስጠንቀቂያው የደረሰው ለጄኔራል ወይም ለሚኒስትር አይደለም፤ በዝቅተኛ ደመወዝ በር ላይ ለቆመ ወጣት ነው። እርሱም ፈራ። ከላይ ልብ በሉት ያልነው ቃል ይህ ነበር።

ስደተኛ የሆነ ሰው የዚህን ፍርሃት ሁለቱንም ገጽ ያውቀዋል። በአንድ በኩል በመልኩና በቋንቋው ምክንያት በጥርጣሬ ዓይን መታየት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ ሌላውን በዚህ መንገድ መጠርጠር ይከብደዋል፤ መክበዱም ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በሥራው ላይ ያየውን ባይናገር ሕይወት ሊጠፋ እንደሚችል ያውቃል። መፍትሔው መልክን ሳይሆን ድርጊትን መመልከት ነው። በልብሱ ወይም በቀለሙ ምክንያት ማንንም ማስቆም ስሕተት ነው፤ ከባድ ሻንጣ ይዞ ካሜራ በማይደርስበት ጥግ ለአንድ ሰዓት የተቀመጠን ማንኛውንም ሰው «ምን ልርዳዎት?» ብሎ መጠየቅ ግን የሥራ ግዴታ ነው። ይህን ልዩነት ለሠራተኛው ማስተማር፣ ሲናገርም መስማት፣ ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ በቅንነት እስከሠራ ድረስ ከጎኑ መቆም የአሠሪው ኃላፊነት ነው።

በየሀገሩ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለዒድ ስንሰበሰብ ዝግጅቱን የሚመሩት ወገኖችም ራሳቸውን ሊጠይቁ ይገባል። አደጋ ቢደርስ ፖሊስ የሚጠራው ማን ነው? የጎን በሩ ክፍት ነው ወይስ በዕቃ ተዘግቷል? ደም ማስቆም የሚችል ሰው በመካከላችን አለ? እነዚህን ለመጠየቅ ገንዘብም ሆነ ልዩ ዕውቀት አያስፈልግም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህን ነው።

ማንችስተር 22 ሰዎቿን አጥታ ሦስት ቅጽ ሪፖርትና አንድ ሕግ አገኘች። የተጻፈው ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ግን በሚቀጥለው ምሽት በር ላይ የቆመው ወጣት ሬዲዮውን ሲያነሣ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመልስለት ሰው ካለ ብቻ ነው።